ከ«ተመስገን» በኋላ የተዘጋው ስልክ

ይህን ነገር ለሰው ስተርክ ባለቤቴ ዮናስ «ቀስ በይ፣ ደም ግፊትሽ ይነሳል» ይለኛል። ደም ግፊት የለብኝም። ያለብኝ ንዴት ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም፣ አንድ ሰውዬ ክራቫቱን እያስተካከለ ስለ እናቴ የተናገረው ቃል ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል። ስለዚህ ረጋ ብዬ አወራችኋለሁ ብዬ አልዋሽም። እንደተናደድኩ ስሙኝ።

ያኔ የምንኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ዳር ያለችው ሆፐርስ ክሮሲንግ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በዮናስ ስፖንሰርነት ነው። አገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ እሠራ ነበር፤ ሜልበርን ውስጥ ግን ዲግሪዬን አይቶ «ዋው» ያለኝ እንጂ ሥራ የሰጠኝ አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ ኮል ሴንተር ገባሁ። የመብራት ሂሳባቸው ያልገባቸው ሰዎች ሲደውሉ የማነሳው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስለፈልፍ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥርብኛል። ከአንድ ደንበኛ ጋር ብዙ ከቆየሁ ሱፐርቫይዘሯ መጥታ ከኋላዬ ትቆማለች። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

እናቴን አገር ምድሩ እትዬ አስካለ ይላታል፤ እኔ እማዬ ነው የምላት። ከመጣች ሁለተኛ ክረምቷ ነበር። አገር ቤት ዕድሜዋን ሙሉ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆና ኖራለች፤ እንግሊዝኛዋም የአስተማሪ እንግሊዝኛ ነው፣ ቀስ ያለ፣ ጨዋ፣ በሰላምታ የተሞላ። ወገቧን ያማታል። ደግሞም ጴንጤ ናት፣ ሲበዛ ጴንጤ። በእሷ ቤት ከመስረቅና ከመዋሸት ቀጥሎ ትልቁ ኃጢአት ማጉረምረም ነው። ወጡ ጨው በዛበት ባልን ቁጥር «እስራኤል በምድረ በዳ በጦር ያለቁ መሰላችሁ? በማጉረምረም ነው» ትለናለች። እንዴት ነሽ ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» አንዴ ጥርሷን አስነቅላ፣ አፏን ጥጥ ሞልቶት፣ ሐኪሙ እንዴት ነሽ ቢላት ያንኑ ልትለው ስትታገል በዓይኔ አይቻለሁ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ የሆነውን አልጋ የገዛችው እኔም ዮናስም ሥራ ላይ እያለን ነው። አንድ ሻጭ በር አንኳኳ። እማዬ በር ያንኳኳን ሰው ማሰናበት አታውቅም፣ አስገባችው። ምሳ ሰዓት ስለነበረ ምሳ አቀረበችለት፤ እሱም አላፈረም፣ በላ። በልቶ ሲያበቃ ወገቧን እያየ ካታሎጉን ዘረጋ። በሪሞት ራስጌና ግርጌው ከፍ ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ አልጋ። ዋጋውን ስትሰማ ደንግጣለች። ግን በኋላ ስጠይቃት «ቤቴ ገብቶ፣ ከማዕዴ ቆርሶ፣ እንዴት ባዶ እጁን ልሸኘው?» ነው ያለችኝ። አገር ቤት ያለውን ቤቷን ሸጣ ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው ላይ ከፈለች። እኛ ከሥራ ስንገባ ተፈርሞ አልቋል። ተናደድኩ። ግን አልጋው መጥቶ ሪሞቱን እየነካካች ስትስቅ ሳያት፣ ለወገቧ ከረዳት ይሁን ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ አልጋው የሰማሁት ነገር አልነበረም። ኩባንያው እየደወለ አልጋው እንዴት ነው ይላታል፤ እሷም ማታ ስንገናኝ «ደጎች ናቸው እኮ፣ ይጠይቁኛል። መስመሩ እየተቋረጠ አስቸገረን እንጂ» ትለኛለች። መስመሩ እየተቋረጠ። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

አንድ እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ልንወጣ ስንል ሻርፗን ላመጣላት መኝታ ቤቷ ገባሁ። የአልጋው ራስጌ እንደ ወንበር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ላዩ ላይ ልብሶቿ ታጥፈው ተደርድረዋል። በአልጋውና በግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ትራሷ እዚያ ነው፣ መነጽሯ እዚያ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሷም እዚያው መሬት ላይ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«መሬት ላይ ነው እንዴ የምትተኚው?»

«ለወገብ ጠንከር ያለ ነገር ጥሩ ነው ይላሉ» አለች ሻርፑን ከእጄ እየተቀበለች። «ተመስገን ነው ልጄ። እንሂድ በይ፣ መዝሙሩ ያመልጠናል።»

ሪሞቱን ተጫንኩት። አልጋው አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ለካ ከመጣ ገና ወር ሳይሞላው ነው ራስጌው ወጥቶ አልወርድም ያለው። ክረምቱን ሙሉ፣ በዚያ ወገብ፣ በዚያ ብርድ፣ እናቴ ከእኔ ክፍል አጠገብ መሬት ላይ ተኝታለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «አንቺ ደክመሽ ነው የምትገቢው» አለችኝ። ለእነሱስ ለምን አልነገርሻቸውም ስላት ደግሞ «ልነግራቸው ስል መስመሩ ይቋረጣል። እነሱ ምን ያድርጉ?» አለች። ያን ቀን አምልኮ አልገባሁም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሐዘን ለቅሶ እንዳይመስላችሁ፤ የንዴት ነው።

ሰኞ ሺፍቴን አስቀይሬ ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ኮምፒውተሩን ጠቅ ጠቅ አደረገና፣ ከደንበኛዋ ጋር ሦስት ጊዜ ተነጋግረናል፣ ሦስቱንም ጊዜ በጣም ደስተኛ መሆናቸውን ነግረውናል፣ ብልሽት ካለ ከአጠቃቀም ነው አለኝ። እየደጋገምኩ ደወልኩ። ያው መልስ ነው። በመጨረሻ ዮናስ፣ መንግሥት ለእንዲህ ያለ ነገር የሸማቾች ጉዳይ ቢሮ አለው፣ እዚያ ኮምፕሌን እናድርግ፣ ቅሬታ እናቅርብ አለ። እማዬ ኮምፕሌን የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «ክሰሱ አላልኳችሁም» አለች። «ዝም አይነቅዝም።» እኔም ዝም ባይነቅዝ ወገብሽ እየነቀዘ ነው አልኳትና ኦንላይን አመለከትኩ።

ቢሮው አንድ ወጣት መደበልን። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ሥራውን ሲያስረዳኝ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ሁለታችሁን ለማስማማት እሞክራለሁ፣ እምቢ ካሉ ግን ላስገድድ አልችልም አለኝ። ሽማግሌ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ኋላ ሳየው ግን የእኛ አገር ሽማግሌ አይደለም። የእኛ ሽማግሌ ቤትህ መጥቶ ይቀመጣል፣ ዓይንህን ያያል፣ ስታብል «ተው አንተ ሰው» ይልሃል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ ታፍራለህ። ይኼኛው በስልክና በኢሜይል ነው። በኢሜይል የሚያፍር ኩባንያ የት አለ?

አንድ ቀን እናትሽን ራሳቸውን ላናግር አለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እንዴት ነዎት አላት። በጣም ደህና፣ ጌታ ይመስገን አለች። በአልጋው ችግር ገጥሞዎታል? ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ስልኩ። ትንሽ፣ ትንሽ ችግር፤ ኩባንያው ግን ጥሩ ሰዎች ናቸው አለችው። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ባልይዘው ኖሮ ምን ይወጣኝ እንደነበር ጌታ ያውቃል።

ከሳምንታት በኋላ ልጁ ደወለ። ድምፁ ልስልስ ብሏል። ኩባንያው አልስማማም ብሏል አለና መልሳቸውን አነበበልኝ። ደንበኛዋ በተደጋጋሚ ደስታቸውን ገልጸዋል፤ አሁን የሚሉት እውነት አይደለም፤ ወይ ልጃቸው አስጠንታቸው ነው፣ ወይ በዕድሜያቸው ምክንያት ግራ ተጋብተው ነው። የእኔ ሥራ እዚህ ያበቃል፣ የሚቀራችሁ ትሪቡናል የሚባለው ትንሽ ፍርድ ቤት ነው፣ እዚያ የሚወሰነው ግን የግድ ይፈጸማል ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። 

ለእማዬ ልንገራት አልንገራት ብዬ ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቢላውን አስቀመጠች።

«ውሸታም ነው ያሉኝ?»

«ወይ ውሸታም፣ ወይ የጃጀች ነው የሚሉት።»

 ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጆችን አትዋሹ እያለች ያሳደገች ሴት ናት። እስኪ አስቡት፣ በስተርጅና፣ በሰው አገር፣ በወረቀት ላይ ውሸታም ተብሎ መጻፍ።

«አልጋውም ገንዘቡም ይቅር» አለች በመጨረሻ። «ቃሌን ግን ይመልሱልኝ። እሄዳለሁ። አላጉረመርምም፤ የጠየቁኝን ግን እመልሳለሁ።»

የቀጠሮው ቀን ዝናብ ነበር። ከሆፐርስ ክሮሲንግ በባቡር ተነሳን። እማዬ ለትንሣኤ የምትለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ወገብሽን አመመሽ? ስላት «ተመስገን» ትለኛለች። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ዛሬ እንኳ ይቺን ተመስገን እዚህ ባቡር ውስጥ ጥለሻት ውረጂ እላለሁ።

ችሎት ስባል አገር ቤት ያለውን ዓይነት ትልቅ አዳራሽ ጠብቄ ነበር። የገባንበት ተራ የስብሰባ ክፍል ነው። ፊት ለፊት ነጭ ፀጉር ያላት፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ተቀምጣለች። ሜምበር ነው የሚሏት፣ ለእኛ ግን ዳኛ ናት። በቀኝ በኩል የኩባንያው ተወካይ፣ ክራቫታሙ ሰውዬ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ተደላድሏል። ከእማዬ አጠገብ የመደቡልን አስተርጓሚ አለ፣ ጋሼ መኩሪያ የሚባሉ ሽበታም ሰው። በሥራው ደንብ የተባለውን ሁሉ መተርጎም እንጂ ከራሳቸው አንዲት ቃል መጨመር አይችሉም።

እማዬ ደንብ አላወቀችም። ተነሥታ ዳኛዋን እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ዝናቡ አስቸገረዎት ወይ አለቻት፤ ጋሼ መኩሪያ ኮስተር ብለው እያንዳንዷን ተረጎሙ። ቀጥላ ወደ ክራቫታሙ ዞረችና ቁርስ በልቷል? አለች። ያም ተተረጎመ። ሰውዬው ግራ ገብቶት በልቻለሁ አለ። ከቦርሳዋ የቆሎ ላስቲክ ልታወጣ ስትል በጠረጴዛ ሥር ጉልበቷን ያዝኩት።

ዳኛዋ ፈገግ አለች። ልታረጋጋት ፈልጋ መሰለኝ፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት? እንቅልፍስ ደህና ይተኛሉ?» አለቻት።

«ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና እተኛለሁ።»

ጋሼ መኩሪያ ተረጎሙ። ክራቫታሙ ብዕሩን አንሥቶ ጻፋት። ሲጽፋት አየሁት። ደሜ ፈላ።

«መሬት ላይ እኮ ነው የምትተኛው!» አልኩ ሳላስበው። ዳኛዋ ተራሽ ሲደርስ ትናገሪያለሽ፣ ሁለተኛ ካቋረጥሽ ውጭ ትጠብቂያለሽ አለችኝ። ከንፈሬን ነከስኩ።

ተራው የሰውዬው ሆነ። ብዙ አልተናገረም። ላፕቶፑን ወደ ዳኛዋ አዞረና የስልክ ቅጂ ከፈተ። የእማዬ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በእንግሊዝኛ፣ በዚያ በጨዋ እንግሊዝኛዋ፣ «በጣም ጥሩ፤ ጌታ ይመስገን፤ በጣም፣ በጣም ጥሩ» ትላለች። ቀጥ። ሁለተኛውን ከፈተ፣ ያው። ሦስተኛውን ከፈተ፣ ያው። ከዚያ ክራቫቱን አስተካከለና ያን ቃል ተናገረ።

ጋሼ መኩሪያ ወዲያው አልተረጎሙም። አንዴ ጠረጴዛውን አዩ። ከዚያ በለሆሳስ፣ በአንቱታ፣ «ወይ ያኔ ዋሽተዋል፣ ወይ ዛሬ እየዋሹ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ነው ይላሉ» አሏት። ስድብ በአንቱታ ሲመጣ እንዴት እንደሚያም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።  የእማዬ እጅ የቦርሳዋን ማንገቻ ሲጨብጥና ሲለቅ አየሁት። አለቀልን አልኩ። ቃሏን ልታስመልስ መጥታ በራሷ ቃል ልትረታ ነው።

ያኔ ነው ጆሮዬ የነቃው። እኔ የኮል ሴንተር ሰው ነኝ። የእኛ ሥራ ቤት ቅጂ ከ«ሄሎ» ይጀምራል፣ ስልኩ ሲዘጋ በሚሰማው ጢጥታ ያልቃል። የሰውዬው ቅጂ ሄሎም የለው፣ ጢጥታም የለው። እማዬ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጄን አወጣሁ። ዳኛዋ ተናገሪ አለችኝ።

«የተጫወተው ሙሉው ንግግር ነው?»

ሰውዬው፣ አስፈላጊው ክፍል ነው፣ የተቀረው ተራ ሰላምታ ስለሆነ የችሎቱን ጊዜ ላለማባከን ነው አለ። ዳኛዋ መነጽሯን አደረገች። «ጊዜው የእኔ ነው» አለች። «ሙሉውን አምጡት።» ከኩባንያው ቢሮ እስኪላክለት ዕረፍት ወጣን።

ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ሳለን ሰውዬው ስልክ ላይ ሲንሾካሾክ ቆየና ወደ እኛ መጣ። ፈገግታ ለብሷል። እንስማማ አለ። አልጋውን እንወስዳለን፣ ገንዘቡን ሙሉውን እንመልሳለን፣ እናንተም አሁኑኑ ማመልከቻውን ታነሣላችሁ፤ መግባትም መስማትም አያስፈልግም።  ያን ሁሉ ወር የለመንነው ይኸው ነው እኮ! ለእማዬ ነገርኳት። አላየችኝም፣ እሱን ነው ያየችው።

«ቃሌንስ?» አለች። «አልዋሸችም ብሎ ይናገርልኛል?»

ጠየቅሁት። እሱ ከስምምነቱ ውጭ ነው አለ።

«እንግዲያው እንግባ» አለች እማዬ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እየተነሣች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ቅጂው ውስጥ ከተመስገን ሌላ ምንም ከሌለስ? አልጋውንም ቃሏንም አጥተን ልንመለስ ነው። ግን እናቴ ፊቷን ወደ በሩ አዙራለች፣ ማን ይመልሳታል።

ገባን። የመጀመሪያው ቅጂ ተከፈተ። የአንዲት ወጣት ልጅ ድምፅ፣ ፈጣን፣ አዲሱ አልጋ እንዴት ነው ይላል። እማዬ በጣም ጥሩ፣ ጌታ ይመስገን ትላለች። ቀጥላ «አንቺስ ልጄ እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና ናት? አባትሽስ?» ትላለች። ልጅቷ ሳቅ ብላ ሁሉም ደህና ነው ትላለች። «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች እማዬ። ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል። «እንግዲህ ልጄ፣ አልጋው...» ልጅቷ ከላይዋ ላይ፣ ደስ ስላለዎት ደስ ብሎናል፣ መልካም ቀን! ጢጥ።

ሁለተኛው። ያው ሰላምታ፣ ያው ትንፋሽ። «እንግዲህ ልጄ፣ አልጋው አልወርድ...» መልካም ቀን! ጢጥ።

ሦስተኛው ላይ እማዬ ትቸኩላለች። እናቴ ሰላምታ ስታጣድፍ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «በጣም ጥሩ ጌታ ይመስገን እንዴት ነሽ እናትሽ ደህና ናት እባክሽ ልጄ ቆዪ፣ እኔ መሬት ላይ ነው የምተኛው...» ጢጥ።

 መሬት ላይ ነው የምተኛው ብላለች። በገዛ አፏ፣ በእንግሊዝኛ፣ ነግራቸዋለች። ይህን የያዘ ቅጂ እጃቸው ላይ እያለ ነው ቆርጠው፣ ተመስገኗን ብቻ መርጠው፣ ውሸታም ሊያሰኟት ያመጡት። ጋሼ መኩሪያ ሊተረጉሙላት አፋቸውን ሲከፍቱ እማዬ እጇን አነሳች።

«መስመሩ አልተቋረጠም ለካ» አለች።

ጋሼ መኩሪያ ያችን ለዳኛዋ ተረጎሟት።

«ዘግተውብኝ ነው።»

ያችንም ተረጎሟት። ድምፃቸው ሻክሯል።

ዳኛዋ ለስለስ ብላ፣ ቅድም ደህና እተኛለሁ ብለውኛል፣ ለምን? አለቻት። እማዬ ተነሥታ ቆመች። ወገቧን ይዛ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመች ሁሉ።

«እርስዎ እንደምን ነሽ አሉኝ፣ ደህና ነኝ አልኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ ብሶቴን ፊቱ ላይ አልደፋም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። እነዚያም ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።»

«አሁን እጠይቅዎታለሁ» አለች ዳኛዋ።

እማዬ ተናገረች። ምሳ ካበላችው ሻጭ ጀምራ፣ አልጋው የቆመበትን ቀን፣ ብርዱን፣ ከወለል ለመነሣት ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ በጉልበቷ እንደምትንበረከክ፣ እኔ እንዳልሰማ አፏን በሻርፕ ይዛ እንደምታቃስት። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። ስትጨርስ ወደ ክራቫታሙ ዞረች።

«አንተ ልጄ፣ ሦስተኛውን ሰምተኸው ነበር? ሰምተኸው ነው የቆረጥከው?»

ሰውዬው ዳኛዋን አየ፣ ላፕቶፑን አየ። 

«እንግዲህ ከሁለታችን ውሸታሙ ማን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ» ብላ ተቀመጠች።

ውሳኔው እዚያው ተነበበ። አልጋውን በራሳቸው ወጪ ያንሡ፣ የከፈለችውን ሁሉ ይመልሱ ተባለ። ዳኛዋ ግን በዚያ አላበቃችም። የወይዘሮ አስካለን ቃል ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ እውነቱን ሊናገሩ ሞክረዋል፣ የሚጠብቅ ጆሮ ነው ያጡት አለች። ጋሼ መኩሪያ ይህችን ሲተረጉሙ፣ ከደንቡ ውጭ ነው ካላችሁኝ እንጃ፣ ቀስ ብለው፣ ከፍ አድርገው ነው የተረጎሟት። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

እኔ ግን አልበቃኝም። ይቅርታ አይጠይቃትም ወይ? አልኩ። ዳኛዋ፣ እዚህ ይቅርታ ጠይቅ ብዬ ላዝዘው አልችልም አለችኝ። ሰውዬውም ላፕቶፑን ዘጋ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ወጣ። የበሩን እጀታ ይዞ አንዴ እንኳ ዞር አላለም። እስከ ዛሬ ከዚያ ኩባንያ ይቅርታ የሚል ቃል አልመጣም። ገንዘቡ መጣ፣ አልጋው ሄደ፤ ይቺ ነገር ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀርታለች።

በመልሱ ባቡር ፉትስክሬ የሚባለው ጣቢያ ስንደርስ እማዬ በድንገት «ሰናይት» አለችኝ። «እስራኤል በምድረ በዳ አጉረመረሙ፣ እሺ። በግብፅ ሳሉ ግን ጮኸው አይደል እንዴ ጌታ የሰማቸው? ማጉረምረምና መጮኽ ለየቅል ነው።» ይህን ብላ ቆሎዋን አወጣች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምታችኋል። ልክ ነው። ግን እኔ ዛሬም የሚያናድደኝ የደበቀው አይደለም፣ እየተነገረው ያልሰማው ነው። እዚህ አገር ያሉ እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ስልክ ሲያነሱ «ቬሪ ጉድ» ነው የሚሉት። የማይሠራ ዕቃ ቢሸጡላቸው፣ ቢሰርቋቸው፣ ቢያሳምሟቸውም ቬሪ ጉድ ነው። ያን ቬሪ ጉድ ቆርጦ በማስረጃነት የሚያስቀምጥ ሰው እንዳለ ንገሯቸው። ቅሬታ ማቅረብ ኃጢአት አይደለም በሏቸው። ቢሮው አለ፣ ትሪቡናሉ አለ፣ አስተርጓሚም አለ፣ ተጠቀሙበት። ያቺን ስልክ የዘጋችውን ልጅ እንኳ አልፈርድባትም፤ ሰዓቱ እሷም ላይ እየቆጠረባት ነው። የምፈርደው ሰዓቱን ባስቀመጠውና ቅጂውን በቆረጠው ላይ ነው፣ እስክሞት እፈርድበታለሁ።

ከወራት በኋላ፣ ገና ከሥራ መግባቴ ነው፣ የእማዬ ስልክ ጮኸ። ከዚያ ከሸማቾች ቢሮ ነው። አገልግሎታችን እንዴት ነበር ብለው መጠየቃቸው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንዲት ልጅ፣ ሰላም፣ ዛሬ እንዴት ነዎት? አለች።

«መጀመሪያ ጉዳዩን እነግርሻለሁ፣ ከዚያ ሰላም እንባባላለን» አለቻት እማዬ በእንግሊዝኛዋ። ስልካችሁ ቶሎ አይነሣም፣ ልጁ ጨዋ ነው ግን ኩባንያውን ፈርቶታል፣ ቅጂውን መጠየቅ የነበረበት እሱ ነበር። አንድ በአንድ ነገረቻት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እስቃለሁ። ስትጨርስ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«አሁን፣ ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለች ልጅቷ እንደ ልማዷ። ከዚያ ዝም አለች። እማዬ አላጣደፈቻትም።

«እንደውም ሆስፒታል ናት» አለች ልጅቷ።

«ንገሪኝ» አለች እናቴ።

ስክሪኗ ጥግ ላይ ሰዓቱ እየቆጠረባት እንደሆነ አውቃለሁ። አልዘጋችውም።